የሌሊት ሰማይ ፎቶ ለምን በነጠብጣብ ይሞላል? ለአንድ ጀማሪ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

እንደገለጹት፣ ያገለገለ ካኖን 2000ዲ ካሜራ ከ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ገዝተው፣ በጥቅምት መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን ከተማ ጥቂት ወጣ ብለው ፍኖተ ሐሊብን አንሥተዋል። ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር ላይ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ የሚከፈት) ኤፍ 5.6፣ የሸተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ጊዜ 8 ሰከንድ፣ አይኤስኦው 6400 ነበር። ፎቶው በስልክ ሲያዩት ጥሩ ሆኖ ሳለ በኮምፒውተር ሲከፍቱት ሰማዩ በአረንጓዴና በሐምራዊ ነጠብጣብ ተሞልቶ አገኙት። ጓደኛዎ አይኤስኦውን ወደ 400 ዝቅ እንዲያደርጉ መክሮዎት ሞከሩ፤ ፎቶው ጨለመ፣ በኮምፒውተር ሲያደምቁት ደግሞ ነጠብጣቡ ከመባባሱም በላይ አግድም መስመሮች ወጡበት። ስለዚህ ትክክለኛው አይኤስኦ ስንት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ የሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራው ክፍል) መበላሸቱን ያመለክቱ እንደሆነ፣ ካሜራውን ሸጠው ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ቢገዙ ይሻል እንደሆነ፣ በመጨረሻም በታኅሣሥ ወደ ዳናክል፣ በመጋቢት ወደ ሰሜን ተራሮች ሲጓዙ ምን መጠንቀቅ እንዳለብዎት ጠይቀዋል።

ካሜራዎን አይሽጡ፤ ሴንሰሩም አልተበላሸም። ለፎቶዎ የጎደለው ብርሃን ነው። አይኤስኦ ብርሃን የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ነገር አይደለም፤ ሸተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ብርሃን ካሜራው ምን ያህል አጉልቶ እንደሚመዘግበው ብቻ የሚወስን ማስተካከያ ነው። በከፍተኛ አይኤስኦ የተነሡ ፎቶዎች ነጠብጣብ የሚበዛባቸው አይኤስኦው ነጠብጣቡን ስለሚፈጥረው ሳይሆን፣ ከፍተኛ አይኤስኦ የምንጠቀመው ብርሃን ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ነው። ይህን ነጥብ በጥብቅ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ጀማሪዎች ለብዙ ወራት የሚደክሙበት የአይኤስኦ ቁጥር ፍለጋ ከዋናው ሥራ ስለሚያዘናጋቸው ነው።

ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ እሽጎች ተከፋፍሎ ነው፤ የሚደርሱበትም ቅጽበት ወጥነት የለውም። ካፊያ ሲጥል ግቢ ውስጥ እኩል አፍ ያላቸው ጣሳዎችን ደርድረው ለአንድ ደቂቃ ቢያስቀምጡ አንዱ ጣሳ ሰባት፣ ጎረቤቱ አሥራ ሁለት ጠብታ ይይዛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያሳድሯቸው ግን ልዩነቱ በዐይን አይለይም። የሴንሰሩ ጥቃቅን ብርሃን መያዣዎች፣ ማለትም ፒክስሎችም፣ እንዲሁ ናቸው። አንድ ፒክስል በአማካይ 100 ፎቶን የሚደርሰው ከሆነ፣ ቁጥሩ ከፎቶ ፎቶ በ10 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህም የ10 በመቶ መዋዠቅ ነው። 10,000 ፎቶን የሚደርሰው ከሆነ መዋዠቁ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። መዋዠቁ ሁልጊዜ የብርሃኑ መጠን ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ብርሃኑን በ4 እጥፍ ሲያሳድጉ የፎቶው ጥራት በ2 እጥፍ፣ በ100 እጥፍ ሲያሳድጉ በ10 እጥፍ ይሻሻላል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ሾትኪ በ1918 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ፍሰት ውስጥ ያብራራው መዋዠቅ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ባሕርይ ያለው ነው፤ እጅግ ውድ በሆነ ካሜራም አይቀርም፣ ምክንያቱም የሚመጣው ከራሱ ከብርሃኑ ነው። ካሜራው በበኩሉ የሚጨምረው ኖይዝ (ነጠብጣብ የሚፈጥር የማይፈለግ መዋዠቅ) ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ መረጃው ከሴንሰሩ ሲነበብ የሚገባው፣ ሌላው ከሴንሰሩ ሙቀት የሚመነጨው ነው። ስለ እነዚህ ከታች እመለሳለሁ።

ፎቶው በስልክ ላይ ያማረበትም ምክንያት ይኸው ነው። የካሜራዎ ፎቶ ወርዱ 6000 ፒክስል ነው፤ 2000 ያህል ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ ሲታይ እያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ የ9 ፒክስሎችን አማካይ ስለሚያሳይ ነጠብጣቡ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ፎቶውን የሚያጋሩት በስልክ ለሚያዩ ሰዎች ብቻ ከሆነ፣ መጠኑን ቀንሶ ማውጣት በራሱ ተገቢ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ቅንብርዎ እንምጣ። ሌንስዎ 18 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል። በኤፍ 3.5 እያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚያርፈው የሰማይ ብርሃን በኤፍ 5.6 ከሚያርፈው በ2.5 እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ሰፋ ባለው እይታ ደግሞ የሸተሩን ጊዜ ከ8 ወደ 15 ሰከንድ ማራዘም ይቻላል። ሁለቱ ሲባዙ 4.8 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሆናል። አንድ ሳንቲም ሳያወጡ፣ ሌንሱን ወደ 18 በመመለስና አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው በመክፈት ብቻ የፎቶዎን ጥራት ከ2 እጥፍ በላይ ያሳድጋሉ ማለት ነው። አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ሲከፍቱ በፎቶው ጥግ ላይ ያሉ ከዋክብት ትንሽ ቅርጻቸው ይበላሻል፣ ጥጉም ይጠቁራል፤ ሆኖም በጀማሪ ደረጃ ይህን ጉድለት ተቀብሎ ብርሃኑን መውሰድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

15 ሰከንድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰማዩ በመሬት መሽከርከር ምክንያት በየሰከንዱ እስከ 15 ቅስት ሰከንድ (አንድ ቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ስለሚንቀሳቀስ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ በቆመ ካሜራ ጊዜው ሲረዝም ኮከቡ መስመር ይሆናል። በሰፊው የሚነገረው ደንብ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (እዚህ 18 ሚሊ ሜትር) እና ለሴንሰሩ የማባዣ ቁጥር (ሴንሰሩ በጎኑ ከፉል ፍሬም ስንት እጥፍ እንደሚያንስ ለሚያሳየው) ብዜት ማካፈል ነው፤ በእርስዎ ካሜራ ማባዣው 1.6 ስለሆነ፣ 500 ለ28.8 ሲካፈል 17 ሰከንድ ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ደንብ ፒክስል ለሚበዛባቸው የዛሬ ሴንሰሮች በጣም ልል ነው። በ18 ሚሊ ሜትር የካሜራዎ አንድ ፒክስል 43 ቅስት ሰከንድ ያህል ሰማይ ይሸፍናል፤ በፍኖተ ሐሊብ እምብርት አካባቢ ያለ ኮከብ በ17 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ፒክስል በላይ፣ በ15 ሰከንድ 4.6፣ በ10 ሰከንድ ደግሞ 3 ፒክስል ያህል ይጓዛል። ኮከቡ ሲሳብ ብርሃኑ በብዙ ፒክስሎች ላይ ስለሚበተን ደካማ ከዋክብት በነጠብጣቡ ውስጥ ይሰምጣሉ። ስለዚህ 15 ሰከንድ ከፍተኛው ወሰን ይሁን፤ ብዙ ፎቶዎችን ለማደራረብ ካሰቡ ከ10 እስከ 13 ሰከንድም ይበቃል።

የጓደኛዎ ምክር ለቀን ፎቶ ቢሆን ትክክል ነበር። በሌሊት ሰማይ ግን አይኤስኦ 400 ላይ አንሥቶ በኮምፒውተር በ16 እጥፍ ማድመቅ ማለት፣ ካሜራው ብርሃኑን አጉልቶ ከጨረሰ በኋላ በንባብ ጊዜ የሚገባውን የኤሌክትሮኒክስ ኖይዝ ጭምር በ16 እጥፍ ማድመቅ ነው። ያዩዋቸው አግድም መስመሮች የዚህ ውጤት ናቸው። አይኤስኦው ከፍ ሲል ብርሃኑ ከንባቡ በፊት ስለሚጎላ ይህ ኖይዝ ከእርሱ አንጻር አነስተኛ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአንድ ወሰን በኋላ ቁጥሩን ማሳደግ ምንም ጥቅም አያመጣም፤ ብሩህ ከዋክብት ገደባቸውን አልፈው ነጭ ይሆናሉ፣ ቀለማቸውም ይጠፋል። በእርስዎ ዓይነት ካሜራ እኔ የምመርጠው 1600 ሲሆን፣ በጣም ጨለማ በሆነ ቦታ 3200 መጠቀምም ይቻላል። በራስዎ ካሜራ ለማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ቤት ውስጥ የሌንሱን ክዳን ዘግተው በ400፣ በ800፣ በ1600፣ በ3200 እና በ6400 እኩል 15 ሰከንድ የፈጁ ፎቶዎችን በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ መረጃ) ያንሡ፤ ከዚያም በኮምፒውተር ሁሉንም ከ6400ው ጋር እኩል እስኪሆኑ ያድምቋቸው፣ ማለትም 400ውን በ16 እጥፍ፣ 1600ውን በ4 እጥፍ። መስመርና ነጠብጣቡ መቀነሱን የሚያቆምበት ቁጥር የካሜራዎ ትክክለኛ አይኤስኦ ነው።

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን ፎቶዎችን ማደራረብ ነው። በአንድ ጊዜ ሸተሩን ለ7 ደቂቃ ተኩል መክፈት አይቻልም፣ ከዋክብቱ ይሳባሉና፤ 30 ፎቶዎችን እያንዳንዳቸውን ለ15 ሰከንድ አንሥቶ ማደራረብ ግን የ7 ደቂቃ ተኩል ብርሃን ይሰጣል። ፕሮግራሙ ከዋክብቱን ለይቶ ፎቶዎቹን እርስ በርስ ያገጣጥማል፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ፒክስል አማካይ ያሰላል፤ ኮከቡ በሁሉም ፎቶ ላይ ስላለ ጸንቶ ይቀራል፣ ነጠብጣቡ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ የተለያየ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። 30 ፎቶዎች ጥራቱን በ5.5 እጥፍ ያህል ያሻሽላሉ። ቀደም ሲል ካገኘነው የ4.8 እጥፍ ጭማሪ ጋር ሲባዛ ከመጀመሪያው ፎቶዎ 144 እጥፍ ብርሃን፣ ማለትም 12 እጥፍ የተሻለ ጥራት ይሆናል። ይህ ሁሉ በዚያው ካሜራና በዚያው ሌንስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራይፖዱን አጥብቀው ያቁሙ፣ የሌንሱን የእንቅጥቅጥ መከላከያ ያጥፉ፣ ካሜራውን ተከታታይ ፎቶ በሚያነሣበት ሁኔታ ላይ አድርገው ቁልፉን ጨምቆ በሚይዝ ባለ ገመድ ሪሞት ያስነሡት። ካሜራዎ የገመድ ሪሞት መሰኪያ አለው፤ ርካሹም ሪሞት ይበቃል። ከአምስት ወይም ከስድስት ፎቶ በኋላ የትራይፖዱን ራስ በጣም በትንሹ፣ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ። ይህን ትንሽ ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ነገር ግን ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ሰማዩ በሴንሰሩ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚንሸራተት፣ የሴንሰሩ ቋሚ ጉድለቶች ሲደራረቡ ዝናብ የሚመስል ሰያፍ ጭረት ይፈጥራሉ። ጭረቱ አንዴ ከገባ በኋላ ለማውጣት እጅግ አድካሚ ነው። በፎቶው ግርጌ ተራራ ወይም ዛፍ እንዲታይ ከፈለጉ ግን ሰማዩ ሲገጣጠም መሬቱ ስለሚደበዝዝ፣ ፕሮግራሙ መሬቱን ለብቻው እንዲያደራርብ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ካሜራውን ባያንቀሳቅሱ ይሻላል። በዊንዶውስ ሲኳተር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን በቀላሉ ይሠራል። ዲፕስካይስታከርም ነጻ ነው። ማክ ወይም ሊነክስ ለሚጠቀም ሰው ሲሪል አለ፤ ለመልመድ ጊዜ ቢወስድም ከሦስቱ ይበልጥ የምወደው እርሱን ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚሠራ ለተጠቃሚው ስለሚያሳይ ነው።

በአንድ ቦታ ስለሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች፦ እነዚህ ትኩስ ፒክስሎች ይባላሉ፤ በማንኛውም ሴንሰር ላይ አሉ፣ ሸተሩ በረዘመና ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይበዛሉ። ማጥፊያቸው ዳርክ ፍሬም ነው። ፎቶ ማንሣቱን እንደጨረሱ፣ ካሜራው ሳይሞቅና ሳይቀዘቅዝ፣ የሌንሱን ክዳን ዘግተው በዚያው አይኤስኦና በዚያው የሰከንድ ብዛት ከ15 እስከ 20 ፎቶ ያንሡ። ፕሮግራሙ የእነዚህን አማካይ ከሰማዩ ፎቶዎች ይቀንሳል። በማግስቱ ቤት ውስጥ የተነሣ ዳርክ ፍሬም ግን ሙቀቱ ስለሚለይ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። በካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለው የረዥም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ለእኩል ሰከንድ ሸተሩን ዘግቶ አንድ ዳርክ ፍሬም ያነሣና ይቀንሳል። አንድ ፎቶ ብቻ ለማንሣት ከሆነ ያብሩት፤ ለማደራረብ ከሆነ ግን የሌሊቱን ግማሽ ጊዜ ስለሚወስድብዎት ያጥፉት። የከፍተኛ አይኤስኦ ኖይዝ መቀነሻ የሚባለው ሌላው ማስተካከያ ጄፔግ ፋይሉን እንጂ ሮውን አይነካም። የሚያነሡት ደግሞ በሮው መሆን አለበት፤ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው፣ የካሜራዎ ሮው ፋይል 14 ቢት በመሆኑ 16,384 ደረጃዎች አሉት። የሰማይ ደካማ ብርሃን ያለው ከታች ባሉት ጥቂት ደረጃዎች ውስጥ ነው።

ሙቀት ለጉዞዎ በቀጥታ የሚመለከት ነገር ነው። ከሴንሰሩ ሙቀት የሚመነጨው ፍሰት በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እጥፍ ይሆናል። የሰሜን ተራሮች የጨነቅ ካምፕ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,600 ሜትር በላይ ላይ ሲገኝ፣ የዳናክል ዝቅተኛ ክፍል ከ100 ሜትር በላይ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳሎል የተመዘገበው አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በሁለቱ ቦታዎች የሌሊት ሙቀት መካከል የ24 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ በዳናክል የሴንሰርዎ የሙቀት ፍሰት በ16 እጥፍ፣ ከእርሱ የሚመጣው መዋዠቅ በ4 እጥፍ ይበልጣል። ታላላቅ ኦብዘርቫቶሪዎች (የሰማይ መመልከቻ ማዕከላት) ሴንሰሮቻቸውን በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከ 100 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያቀዘቅዙት በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ በዳናክል ማድረግ የሚችሉት ካሜራውን ቀን መኪና ውስጥ አለመተው፣ ላይቭ ቪው የሚባለውን የስክሪን እይታ ፎከስ ካስተካከሉ በኋላ ወዲያው መዝጋት፣ ከአሥር አሥር ፎቶ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ዳርክ ፍሬሙንም በሌሊቱ መካከልና መጨረሻ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማንሣት ነው። በሰሜን ተራሮች ችግሩ ተቃራኒ ነው። ሴንሰሩ በብርዱ ይደሰታል፣ ባትሪው ግን ቶሎ ይደክማል፣ ሌንሱም ወደ ንጋት ጤዛ ይለብሳል። ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ ይያዙ፤ የሌንሱን ዙሪያ በወፍራም ጨርቅ ይጠቅልሉ፣ በየሩብ ሰዓቱም ፊቱን በባትሪ መብራት ከጎን እየተመለከቱ ጤዛ አለመልበሱን ያረጋግጡ። ጤዛ የለበሰ ሌንስ ብርሃኑን ስለሚበትን ምንም ያህል ፎቶ ቢደራረብ አይጠገንም።

ወቅቱንም ልጥቀስ፣ ምክንያቱም በታኅሣሥ ዳናክል ላይ የፍኖተ ሐሊብን እምብርት ከፈለጉ አያገኙትም። በዚያ ወር ፀሐይ በዚያው የሰማይ አቅጣጫ ስለምትሆን እምብርቱ ቀን ወጥቶ ቀን ይገባል። በምትኩ የኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በውስጡ ያለው የጋዝ ደመና ለማደራረብ መለማመጃ እጅግ የሚያምር ዒላማ ነው። በመጋቢት ግን እምብርቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከደቡብ ምሥራቅ ይወጣና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአድማስ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እርስዎ ባነሡበት የጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ እንደመሸ በደቡብ ምዕራብ ስለሚያጋድል ያለው ጊዜ አጭር ነው። አገራችን በዚህ የታደለች ናት፤ እምብርቱ አዲስ አበባ ላይ እስከ 52 ዲግሪ ሲወጣ፣ ለንደን ላይ ከ10 ዲግሪ አያልፍም። የሚያሳዝነው አመሻሽ ላይ በጣም የሚያምርባቸው ወራት ክረምታችን ላይ መዋላቸው ነው።

የከተማ ብርሃን በብዙዎች ዘንድ በትክክል የማይታወቅ የኖይዝ ምንጭ ነው። ከከተማ የሚነሣው ብርሃን ሰማዩን ሲያቀላው በኮምፒውተር ቀለሙን ቀንሰን ማጥቆር እንችላለን፤ ብርሃኑ ይዞት የመጣው መዋዠቅ ግን አይቀነስም፣ በፎቶው ላይ ይቀራል። ሰማዩ በ4 እጥፍ ከደመቀ ያንኑ ጥራት ለማግኘት 4 እጥፍ ጊዜ ማንሣት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ዛሬ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናትና፣ ጥቂት ወጣ ከማለት ይልቅ ወደ መንዝ ጓሳ አቅጣጫ ቢርቁ ትልቅ ልዩነት ያያሉ። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ላይ ሆኖ ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ቢኖሩትም የአዲስ አበባ ብርሃን ከጎኑ ነው። ጨረቃም እንዲሁ ናት፤ ጨረቃ በሌለችበት ሰዓት ማንሣት ከማንኛውም ቅንብር ይበልጣል። ስቴላሪየም የተባለው ነጻ ፕሮግራም የጨረቃን መውጫና መግቢያ ለማንኛውም ቀን ያሳያል።

ፎከስ ላይ አጭር ቃል ብቻ ልበል። ፎከሱ ትንሽ ከሳተ የኮከቡ ብርሃን በብዙ ፒክስል ላይ ስለሚሰራጭ ኖይዙ የጨመረ ይመስላል። በእጅ ፎከስ፣ በላይቭ ቪው 10 እጥፍ አጉልተው፣ አንድ ብሩህ ኮከብ ትንሿ ነጥብ እስኪሆን ያስተካክሉ፤ ሂስቶግራሙም (የፎቶውን ጨለማና ብሩህ ክፍሎች ብዛት በካሜራው ስክሪን የሚያሳየው ግራፍ) ጫፉ ከግራው ግድግዳ ተላቆ ከስፋቱ ሩብ እስከ ሲሶ ላይ መሆኑን ይመልከቱ።

በኮምፒውተር የሚሠራው ማጽዳት የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ የሚታሰበው መሆን የለበትም። ከተደራረበው ፎቶ ላይ በመጀመሪያ ያልተስተካከለውን የሰማይ ቀለም ያስወግዱ፣ ቀጥለው በጥቂት በጥቂቱ ያድምቁት፣ ከዚያ የቀለም ነጠብጣቡን በደንብ፣ የብሩህነት ነጠብጣቡን ግን በቁጠባ ይቀንሱ። ሰው የሚጠላው በዋናነት አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣቡን ነው፤ ስስ የሆነ ነጠብጣብ መቅረቱ ፎቶውን አያበላሸውም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲስ ማጽጃዎች፣ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ጨምሮ፣ ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ብርሃን ባነሰው ፎቶ ላይ ሲጫኑ ደካማ ከዋክብትን እንደ ነጠብጣብ ቆጥረው ያጠፋሉ፣ አንዳንዴም በሰማይ የሌለ ቅርጽ ይሠራሉ። ከሰማይ የመጣውን እውነተኛ ብርሃን የሚያከብር ሰው እነዚህን በግማሽ ኃይላቸው ብቻ ሊጠቀምባቸው ይገባል እላለሁ።

ፉል ፍሬም መግዛትን በተመለከተ፣ ስሌቱ ራሱ መልስ ይሰጣል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ከእርስዎ ሴንሰር 2.6 እጥፍ ያህል ነው፤ በእኩል እይታ፣ በእኩል ኤፍ ቁጥርና በእኩል ጊዜ ጥራቱን በ1.6 እጥፍ ያሻሽላል። ሦስት ፎቶ ማደራረብ 1.7 እጥፍ ያሻሽላል። ስለዚህ ገንዘብ ካለዎት በመጀመሪያ ለሌንስ ያውሉት። ለሰው ፎቶ ብዙዎች የሚጠቀሙበት የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ለኦሪዮን በጣም ተስማሚ ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ የአሁኑ ሌንስዎ በ18 ሚሊ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ ሌንስ ኦሪዮን አካባቢ ያለ ኮከብ በየሰከንዱ አንድ ፒክስል ያህል ስለሚንቀሳቀስ፣ ከ4 ሰከንድ ያልበለጡ ብዙ ፎቶዎችን፣ ቢቻል 200 ያህል፣ ማንሣት ያስፈልጋል። አፐርቸሩንም ወደ ኤፍ 2.2 ወይም 2.5 ቢያጠቡት የከዋክብቱ ቅርጽ ይስተካከላል።

ከሌንሱ በኋላ የሚታሰበው ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞር ትራከር ነው፤ ሸተሩን ከሰከንዶች ወደ ደቂቃዎች ያራዝማል። ትራከር ግን ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ደግሞ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል በመሆኑ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ኮረብታ ወይም የዛፍ መስመር ይጋርደዋል፣ የአንዳንድ ትራከሮች መቀመጫም ያን ያህል ዝቅ ብሎ አይታጠፍም። ለመግዛት ሲያስቡ መቀመጫው ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን ሻጩን ይጠይቁ፤ የሚያዘወትሩት ቦታም ወደ ሰሜን ክፍት አድማስ ያለው መሆኑን አስቀድመው ሄደው ይመልከቱ።